በአንጀት ካንሰር ታማሚ ደም ውስጥ የመከላከያ ሴሎች ለውጥ፦ የደም ቆጠራው ምን ያህል ይነግረናል?

ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመቱ አባቴ በቅርቡ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት) ተደርጎላቸው በቀኝ በኩል ባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ካንሰር መኖሩ በናሙና ምርመራ ተረጋግጧል። ሲቲ ስካኑ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ የተሰራጨ ነገር አላሳየም፤ በአንጀቱ አካባቢ ያሉ ንፍፊቶች ግን ማበጣቸው ተጽፏል። ለቀዶ ሕክምናም ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ለዚሁ ዝግጅት የተሠራው የደም ቆጠራ እንዲህ ይላል፦ ነጭ የደም ሴል 9,800፤ ከዚህ ውስጥ ኒውትሮፊል (በተለይ ባክቴሪያን የሚዋጋው) 78 በመቶ፣ ሊምፎሳይት (ቲ ሴልንና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴልን የሚያካትተው) 12 በመቶ፣ ሞኖሳይት 8 በመቶ፤ ሄሞግሎቢን 9.8፤ የቀይ ደም ሴሎች አማካይ መጠን (ኤምሲቪ) 72፤ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) 460,000።

አጠቃላይ የነጭ ደም ሴል ቁጥር በጤናማው ወሰን ውስጥ ሆኖ ሳለ ሊምፎሳይቱ ዝቅ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ተደርጎበታል። የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ጥምርታ ከፍ ሲል የበሽታው አካሄድ መጥፎ ይሆናል የሚል ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ ሐሳቤ ተረብሿል። የአባቴ ሰውነት መከላከሉን አቁሟል ማለት ነው? ካንሰሩ የደም ሴሎችን እንዲህ የሚለዋውጥ ከሆነስ፣ ቀደም ባሉት ጊዜያት በተሠሩት የደም ምርመራዎች ለምን አልተገኘም? በተጨማሪም የቲ ሴልና የተፈጥሯዊ ገዳይ ሴል ዓይነቶችን ለይቶ የሚቆጥር ዝርዝር ምርመራ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ይህን ማሠራት ለሕክምናቸው የሚጨምረው ነገር ካለ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው መቶኛውን አይቶ ስለሆነ ከቁጥሮቹ ልጀምር። መቶኛ የሚነግረን የእያንዳንዱን ሴል ድርሻ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲበዛ የሌላው ቁጥር ምንም ሳይነካ ድርሻው ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ፍጹም ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። ከ9,800 ውስጥ 78 በመቶው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ወደ 7,640 ኒውትሮፊል፣ 12 በመቶው ደግሞ ወደ 1,180 ሊምፎሳይት ይሆናል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ለጎልማሳ ሰው ኒውትሮፊልን ከ2,000 እስከ 7,500፣ ሊምፎሳይትን ከ1,000 እስከ 4,000 አድርገው ይወስዳሉ። በዚህ መሠረት የአባትዎ ኒውትሮፊል የላይኛውን ወሰን በጥቂቱ አልፏል፤ ሊምፎሳይታቸውም ወደ ታችኛው ወሰን ተጠግቷል እንጂ ከዚያ አልወረደም። ድምሩ ጤናማ መስሎ የታየው የአንዱ ከፍታ የሌላውን ዝቅታ ስላካካሰው ነው።

ጥምርታው 78 ለ12 ሲካፈል 6.5 ይሆናል። በጤናማ ጎልማሶች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ በካንሰር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ «ከፍተኛ» ብለው የሚለዩበትን ወሰን አንዳንዶቹ 3፣ ሌሎቹ 5 ላይ ያደርጉታል፤ ሁሉም የተስማማበት አንድ ቁጥር የለም። ከዚህ ይበልጥ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ጥምርታ የበሽታ ስም የማይሸከም መሆኑ ነው። የሳንባ ምች፣ የትርፍ አንጀት መቆጣት፣ ቃጠሎ፣ የልብ ድካም፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ቀርቶ ደም ከመቀዳቱ በፊት የተደረገ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እንደ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች የሚያመጡት ለውጥ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚቆዩ ከቆጠራው ውጪ የነበሩት ኒውትሮፊሎች በሰዓታት ውስጥ ወደሚፈስሰው ደም ይለቀቃሉ፣ ሊምፎሳይቶች ግን ከደም ወጥተው ወደ መቅኔና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይሄዳሉ። ስለሆነም ደሙ በተቀዳበት ሰሞን ትኩሳት፣ የአንጀት መዘጋት ወይም የስቴሮይድ መድኃኒት እንደነበረ ሳይጠየቅ 6.5ን ከካንሰሩ ጋር ብቻ ማያያዝ አይገባም።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዘር ሐረግ ባላቸው ብዙ ሰዎች ዘንድ፣ በቀይ የደም ሴል ላይ የዳፊ ፕሮቲን ባለመኖሩ ምክንያት፣ የኒውትሮፊል ቁጥር ያለ ምንም በሽታ ከሌሎች ሕዝቦች አማካይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ለኢንፌክሽን የበለጠ የተጋለጡ አይደሉም፤ ሰውነታቸው የለመደው ቁጥር ነው። ስለዚህ በሌላ ሕዝብ ላይ ተለክቶ የወጣ የጥምርታ ወሰን ለእነርሱ እንዳለ አይሠራም፤ በእነርሱ ዘንድ «ጤናማ» የሚመስል ጥምርታ ከራሳቸው የቀድሞ ውጤት አንጻር ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። አንድን ውጤት ከወሰን ይልቅ ከዚያው ሰው የቆየ ውጤት ጋር ማነጻጸርን የምመርጠው ለዚህ ነው።

በዚህ ወረቀት ላይ እኔ በቀይ ቀለም የማሰምረው ነጩን የደም ሴል አይደለም። ሄሞግሎቢን 9.8 ከኤምሲቪ 72 ጋር ሲገናኝ፣ ፕላትሌቱም 460,000 ሲደርስ፣ ለረጅም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ደም በመፍሰሱ የመጣ የብረት እጥረትን ይመስላል። በቀኝ በኩል ያለው የትልቁ አንጀት ካንሰር በሰገራ ላይ ደም በግልጽ ሳይታይ እንዲህ አድርጎ ደም ማነስ ማምጣቱ የታወቀ ጠባዩ ነው። «ለምን ቀደም ብሎ አልተገኘም?» ለሚለው ጥያቄዎ የድሮ ውጤቶቻቸውን አውጥተው ሄሞግሎቢኑና ኤምሲቪው ከዓመት ዓመት እየወረዱ መምጣታቸውን ይመልከቱ። በጎልማሳ ወንድ ወይም የወር አበባዋ በተቋረጠ ሴት ላይ በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ሲገኝ፣ የብረት ክኒን ሰጥቶ ከማሰናበት በፊት የደሙን መፍሰሻ ከጨጓራና ከአንጀት መፈለግ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

መልስ፦ የኢሚውኖሎጂ ተመራማሪ

የላቦራቶሪ ባለሙያው ስለ ቆጠራው የጻፉት ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ለውጡ ለምን እንደሚመጣና ቆጠራ ማሽኑ ስለማያያቸው ሴሎች ልጨምር።

የአንጀት ካንሰር በአንድ ቦታ የተወሰነ ቢሆንም መልእክቱን ወደ መላ ሰውነት ይልካል። ዕጢውና በዙሪያው ያሉ ሴሎች ኢንተርሊውኪን-6ን የመሰሉ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ፕሮቲኖችን፣ እንዲሁም መቅኔ ኒውትሮፊልን በብዛት እንዲያመርት የሚያደርጉ የእድገት ማነቃቂያዎችን ያመነጫሉ። ጤናማ መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ኒውትሮፊል የሚያመርት ፋብሪካ በመሆኑ ትንሽ ማነቃቂያ እንኳ በቆጠራው ላይ ይታያል። በአንጀት ካንሰር ላይ ደግሞ ከሌሎች ካንሰሮች የሚለይ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ስለሚያቆስለው ባክቴሪያዎችና ቁርጥራጮቻቸው ወደ ውስጠኛው ሕብረ ሕዋስ ይገባሉ፣ ብግነቱም በዚያው ይባባሳል። በዚህ ረገድ ብዙ የተጠናው ፉሶባክቴሪየም ኑክሌአተም የሚባለው በአፍ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በብዙ የአንጀት ዕጢዎች ውስጥ ይገኛል፤ ከዚህም አልፎ በላዩ ያለው አንድ ፕሮቲን በቲ ሴሎችና በተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች ላይ ካለ ማገጃ ተቀባይ ጋር ተያይዞ ሥራቸውን እንደሚገታ ታይቷል።

አሁን ወደማይታዩት እንምጣ። በብዙ ጥናቶች በአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ ከመቅኔ የሚመነጩ አፋኝ ሴሎች በዝተው ተገኝተዋል፤ ብዛታቸውም ከበሽታው ደረጃ ጋር አብሮ የመጨመር አዝማሚያ አለው። እነዚህ ሴሎች ሳይበስሉ ወደ ደም የወጡ የኒውትሮፊልና የሞኖሳይት ዘመዶች ናቸው። ቲ ሴሎች ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ እያፈራረሱና ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን እየለቀቁ መከላከሉን ያዳክማሉ። ተራው የቆጠራ ማሽን ግን ከፊሎቹን ኒውትሮፊል፣ ከፊሎቹን ሞኖሳይት ብሎ ይመዘግባቸዋል። እንግዲህ «ኒውትሮፊል 78 በመቶ» የሚለው መስመር ባክቴሪያን የሚዋጉትንም፣ ለዕጢው የሚያገለግሉትንም አንድ ላይ ይይዛል ማለት ነው። በእኔ እምነት የጥምርታው ትልቁ ድክመት ይህ ነው።

በሊምፎሳይት በኩል ሦስት ለውጦች ደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን የሚያረጋጉት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከፍ ይላል። ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህን ሴሎች በ1995 ለይተው ያሳዩ ሲሆን በ2025 ከሜሪ ብራንኮውና ከፍሬድ ራምስደል ጋር የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ መስክ ባደረጉት ግኝት ነው። ሁለተኛው፣ የተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች ቁጥር ብዙም ባይቀንስ እንኳ የመግደል አቅማቸው ይዳከማል። ሦስተኛው፣ በአንጀት ግድግዳ የሚገኙትን ባክቴሪያዎች የሚለዩት ማይት የተባሉ ቲ ሴሎች ከደም ይቀንሳሉ፤ በዕጢው ውስጥ ግን ተከማችተው ይገኛሉ። በዚህ በሦስተኛው ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ ከደም መቀነስ ሁልጊዜ መጥፋት ማለት አይደለም፣ ወደ ሥራ ቦታ መሄድም ሊሆን ይችላልና።

ይህን በቀላሉ ለመረዳት፣ ደም ለሊምፎሳይት መንገድ እንጂ መኖሪያ ቤት እንዳልሆነ ማስታወስ ነው። በማንኛውም ሰዓት በደም ውስጥ የሚገኘው ከመላ ሰውነት ሊምፎሳይት ወደ 2 በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው በንፍፊቶች፣ በጣፊያ፣ በመቅኔና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ «የአባቴ ሰውነት መከላከሉን አቁሟል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ 1,180 የሚለው ቁጥር መልስ ሊሰጥ አይችልም።

መልሱ በይበልጥ ያለው በዕጢው ውስጥ ነው። በ2006 ዠሮም ጋሎንና ባልደረቦቻቸው በአንጀት ካንሰር ዕጢ ውስጥና በዳርቻው ላይ ያሉት ቲ ሴሎች ዓይነት፣ ብዛትና አቀማመጥ የታማሚውን ዕጣ በእጅጉ እንደሚያመለክት አሳተሙ። ከዚያ የተወለደው ኢሚውኖስኮር የተባለው መለኪያ ሲዲ3 (የቲ ሴሎች ሁሉ መለያ) እና ሲዲ8 (የገዳይ ቲ ሴሎች መለያ) ምልክት ያላቸውን ሴሎች በዕጢው መካከልና ዕጢው ወደ ጤናማው ሥጋ በሚገፋበት ዳርቻ ላይ ይቆጥራል። በ2018 በ13 አገሮች ከ2,600 በላይ ታማሚዎች ናሙና ላይ ተፈትሾ፣ በሽታው የሚመለስባቸውን ሰዎች ከማይመለስባቸው በመለየት ረገድ ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል። በደም ቆጠራ ላይ ሊምፎሳይቱ ዝቅ ያለ ሰው ዕጢው በሲዲ8 ሴሎች ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል።

ስለ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ከላይ የጻፍኩትን በጥንቃቄ ውሰዱት። በብዙ ካንሰሮች ውስጥ እነዚህ ሴሎች በዕጢው ውስጥ ሲበዙ ውጤቱ የከፋ ይሆናል፤ በአንጀት ካንሰር ግን በዕጢው ውስጥ በብዛት መገኘታቸው ከተሻለ ውጤት ጋር የተያያዘባቸው ጥናቶች አሉ። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት፣ ፎክስፒ3 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሳዩት ሴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው፤ ጠንካራ አፋኝ የሆኑ አሉ፣ በአንጻሩ ብግነትን የሚያግዙና እምብዛም የማያፍኑም አሉ። አንጀት ከባክቴሪያ ጋር ተቻችሎ የሚኖር አካል ስለሆነ በሌላ ቦታ የተማርነውን ደንብ እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

ዝርዝሩን የሚቆጥረው ምርመራ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይባላል። ሴሎቹን በሚያበሩ አንቲቦዲዎች ቀብቶ በሌዘር ብርሃን ፊት አንድ በአንድ ያሳልፋቸዋል። ለምርምር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በአንጀት ካንሰር ላይ ግን ሐኪም በውጤቱ ተመርቶ መድኃኒት የሚመርጥበት ወይም መጠን የሚቀይርበት የተቋቋመ አሠራር የለም። አባትዎ በጥናት ውስጥ ካልተካተቱ በስተቀር በግልዎ ማሠራቱን አልመክርም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቆዩትን ውጤቶች አገላብጬ ሄሞግሎቢኑ በእርግጥም እየወረደ መምጣቱን አይቻለሁ፤ ይህን ለሐኪማቸው እወስዳለሁ። የቀሩኝ ጥያቄዎች፦ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የደም ሴሎቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ? ኬሞቴራፒ ቢታዘዝላቸው ኒውትሮፊሉ ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከፍ ማለቱ መጥፎ ከሆነ መውረዱ ለምን ይፈራል? እኔና ታናናሾቼስ በየጊዜው የደም ቆጠራ እያደረግን ራሳችንን መከታተል እንችላለን? እኔ 36 ዓመቴ ነው። የመከላከል አቅምን ይጨምራሉ የሚባሉ እንክብሎችንም ዘመዶች እየገዙ ነው።

መልስ፦ የካንሰር ሕክምና ሐኪም

ለአባትዎ ምሕረት እመኛለሁ። ከሁሉ በፊት ያልጠየቁትን፣ ነገር ግን ከጠየቁት ሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። ኮሎኖስኮፒ ሲደረግ በተወሰደው ናሙና ላይ የዲኤንኤ ቅጂ ስሕተትን የሚያርሙት ፕሮቲኖች መኖር አለመኖራቸው ተመርምሮ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማይክሮሳተላይት አለመረጋጋት ምርመራ ተብሎም ይታወቃል። ከአንጀት ካንሰር ወደ 15 በመቶ የሚሆነው ይህ ጉድለት ያለበት ሲሆን በቀኝ በኩል ባለው አንጀት ላይ ይበልጥ ያጋጥማል። ስሕተቱ ሳይታረም ስለሚከማች ዕጢው ለመከላከያ ሴሎች እንግዳ የሆኑ ብዙ ፕሮቲኖችን ያወጣል፤ በውስጡም ቲ ሴል ይበዛል። ቲ ሴሎቹ ግን በላያቸው ባለው ፒዲ-1 በተባለ ማገጃ ይገታሉ። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙት እንዲህ ያሉ ማገጃዎችን በማስወገድ ካንሰርን ማከም የሚቻልበትን መንገድ በመክፈታቸው ነው።

ውጤቱ በአንጀት ካንሰር ላይ በግልጽ ታይቷል። ይህ ጉድለት ባለበትና በተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ይህን ማገጃ የሚያስወግደው ፔምብሮሊዙማብ የተሰጣቸው ሰዎች በሽታው ሳይገሰግስ የቆዩበት ጊዜ መካከለኛው 16.5 ወር ሲሆን በኬሞቴራፒ የታከሙት 8.2 ወር ነበር፤ ይህ በ2020 ታትሟል። በ2022 ደግሞ ይህ ጉድለት ያለበት የሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል) ካንሰር የያዛቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ታማሚዎች የዚሁ ዓይነት መድኃኒት የሆነው ዶስታርሊማብ ብቻ ተሰጥቷቸው በሁሉም ላይ ዕጢው በምርመራ የማይታይ ሆነ። በ2024 በታተመ ሌላ ጥናት ወደ ሌላ አካል ያልተሰራጨ የኮሎን ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁለት የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ለአጭር ጊዜ ወስደው፣ ከወጣው አንጀት ውስጥ በ68 በመቶው ሕያው የካንሰር ሴል አልተገኘም። ጉድለቱ በሌለባቸው ብዙኃኑ ታማሚዎች ላይ ግን እነዚህ መድኃኒቶች ለብቻቸው እምብዛም አይሠሩም። ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢታወቅ የሚሻለው ስለዚህ ነው። በደም ውስጥ ያሉ ሴሎችን ከመቁጠር ይልቅ የሕክምናውን መንገድ በእውነት የሚቀይረው ይህ ነው።

ወደ ጥያቄዎችዎ ስመለስ፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለሰውነት ትልቅ ጉዳት በመሆኑ በሚቀጥሉት ቀናት ኒውትሮፊል ይጨምራል፤ ሊምፎሳይትና የተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች ሥራ ይቀንሳል። በዚያ ሰሞን የሚሠራ ጥምርታ ስለ ካንሰሩ ምንም አይናገርም፤ ይልቁንም ከቀናት በኋላ እንደገና ማሻቀቡ የተሰፋው አንጀት መፍሰሱን ወይም ኢንፌክሽን መግባቱን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ብግነቱን ሲያነሣሣ የነበረው ዕጢ ስለወጣ በብዙ ሰዎች ላይ ጥምርታው ይወርዳል፣ አፋኝ ሴሎቹም ይቀንሳሉ።

ኒውትሮፊል ከፍ ሲልም ሲወርድም የምንጨነቀው በተለያየ ምክንያት ነው። ከፍ ማለቱ የብግነት ምልክት ነው፤ በኬሞቴራፒ ምክንያት መውረዱ ግን ታማሚውን ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ኃይል መጥፋት ነው። ካንሰሩ ወደ ንፍፊት ደርሶ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ኦክሳሊፕላቲን ያለበት ኬሞቴራፒ ለ3 ወይም ለ6 ወር ይሰጣል። ኒውትሮፊል በብዛት የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ500 በታች ሲሆን አደጋው ከፍተኛ ነው። በዚህ ጊዜ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ታማሚ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት፤ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ማግኘቱ ሕይወቱን ያተርፋል። ትኩሳት ማስታገሻ ወስዶ ቤት መቆየት ምልክቱን ከመደበቅ ውጪ አይረባም። ለማቅለሽለሽ መከላከያ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ኒውትሮፊሉን ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርገውም ይታወስ፤ ከመድኃኒቱ ማግስት የተሠራ ቆጠራ ያማረ መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

ስለ እርስዎና ስለ ታናናሾችዎ፣ የደም ቆጠራ የአንጀት ካንሰር መፈለጊያ ሆኖ አያገለግልም። ትንሽ ዕጢ፣ ይልቁንም ገና ወደ ካንሰር ያልተለወጠ ፖሊፕ፣ የነጭ ደም ሴሎችን ቁጥር አይነካም። በ1965 የተገኘው ሲኢኤ የተባለው የደም ምልክት እንኳ ከሕክምና በኋላ ለክትትል እንጂ ለመጀመሪያ ፍለጋ አይሆንም። በ2024 በአሜሪካ የተፈቀደው አዲሱ የደም ምርመራ የሚፈልገው የመከላከያ ሴሎችን ሳይሆን ከዕጢው ወደ ደም የሚገባውን የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ እርሱም በፈቃዱ ጥናት ላይ ካንሰርን በ83 በመቶው ሲያገኝ አደገኛ ፖሊፖችን ያገኘው በ13 በመቶው ብቻ ነው። ኮሎኖስኮፒ ግን ፖሊፑን አይቶ በዚያው ሰዓት ያወጣዋል፤ በሽታው ሳይጀምር የሚቆመውም በዚህ ነው። አባትዎ ከ60 ዓመት በፊት ስለታመሙ፣ ብዙ መመሪያዎች ልጆቻቸው በ40 ዓመታቸው፣ ወይም አባት በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ኮሎኖስኮፒ እንዲጀምሩና በየ5 ዓመቱ እንዲደግሙ ያዛሉ። በእርስዎ ቤተሰብ የሚቀድመው 40 ነው። የአባትዎ ናሙና የማረሚያ ፕሮቲን ጉድለት ካሳየና በዘር የሚተላለፈው ሊንች ሲንድሮም ከተረጋገጠ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጂኑን የወረሰ ሰው ከ20ዎቹ ዕድሜው ጀምሮ መታየት ስለሚኖርበት ለእርስዎ ጊዜው አሁን ይሆናል።

እንክብሎቹን በተመለከተ ዘመዶችዎ በቅን ልቦና እንደሚያደርጉት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የአንጀት ካንሰርን የሚያሸንፍ መከላከያ ከእንክብል እንደሚገኝ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አንዳንዶቹ ደም እንዲፈስ ያደርጋሉ፤ ሌሎቹም ጉበትን ይጎዳሉ ወይም ከኬሞቴራፒው ጋር ይጋጫሉ። የተገዛውን ሁሉ ከነማሸጊያው ለቀዶ ሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው ያሳዩ። ገንዘቡና ጥረቱ ደም ማነሱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማከም ላይ ቢውል ግን ትርፉ ግልጽ ነው፤ ሄሞግሎቢን 9.8 የሆነ ሰው ጊዜው ከፈቀደ በደም ሥር ብረት ሊሰጠው ይችላል።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

ከሐኪሙ ማብራሪያ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ትንሽ ልለይ። ጥምርታውን ፈጽሞ ከቁም ነገር አለመቁጠርም ተገቢ አይመስለኝም። ተጨማሪ ደም ሳይቀዳ ከማንኛውም ቆጠራ ላይ የሚሰላ ነው። ስቴሮይድ በሌለበት፣ ትኩሳት በሌለበት፣ ከቀዶ ሕክምናው ጠባሳ በኋላ በተረጋጋ ጊዜ ከተወሰደና በዚያው ሰው ላይ በተከታታይ እየተነጻጸረ ከተያዘ ለሐኪሙ አንድ ተጨማሪ ፍንጭ ይሆናል። ብቻውን ግን ማንንም ተስፋ ሊያስቆርጥ ወይም ሊያዘናጋ አይገባም።

ስለዚህ ለጠያቂው የምለው፣ የአባትዎን ውጤቶች በሙሉ በአንድ መዝገብ ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ደሙ የተቀዳበትን ቀን፣ በዚያ ሳምንት የወሰዱትን መድኃኒትና ትኩሳት የነበራቸው እንደሆነ ይጻፉ። መቶኛውን ብቻ ሳይሆን ፍጹም ቁጥሩን ይቅዱ። ቢቻል ምርመራው ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይሠራ፤ ማሽኖች በጥቂቱም ቢሆን ይለያያሉና። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ለብዙ ሰዓት ከቆየ ነጭ የደም ሴሎቹ ስለሚበላሹ ናሙናው በዚያው ዕለት እንዲታይ ያሳስቡ። በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራም ካልተሠራላቸው አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ፤ የብግነት መለኪያ የሆነው ሲአርፒ ከጎኑ ቢኖር ይመረጣል፣ ብግነት ባለበት ፌሪቲን የብረት እጥረት እያለ እንኳ በቂ መስሎ ሊወጣ ይችላልና።

ጠያቂ

የናሙናውን የፓቶሎጂ ወረቀት አሁን አየሁት፤ ስለ ማረሚያ ፕሮቲኖቹ የተጻፈ ነገር የለበትም። ነገ ጠዋት ለሐኪማቸው ደውዬ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በዚያው ናሙና ላይ እንዲሠራ እጠይቃለሁ፤ የብረቱንም ነገር አብሬ አነሣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።